«ይርቃል» መልስ አይደለም፦ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ከጥንታዊ ደብር አጠገብ ሲታቀድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«የታቀደው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ከቤተ ክርስቲያኑ 900 ሜትር ስለሚርቅ በቅርሱ ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ የለም።»

ሥራዬ የቅርስ ተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርቶችን ማንበብ ነው፤ አልፎ አልፎም ራሴ እጽፋለሁ። ይህች ዓረፍተ ነገር ቁጥሯ ብቻ እየተቀያየረ፣ አንዴ 600፣ አንዴ 900፣ አንዴ 1,500 እየሆነች ደጋግማ መጥታብኛለች። ሰሞኑን እንደገና ስትመጣ ሪፖርቱን አጥፌ ይህን መጻፍ ጀመርሁ። የምጽፈው ሙያውን ለሚጀምሩ ነው፤ ነባሮቹ አንብበው ቢቆጡም አልጠላም። የማውቀው አገር ጎጃም ስለሆነ የማነሣው ሁሉ የጎጃም ነው።

በሜትር ቆጥሮ መገላገል

በደጋው ጎጃም ቤተ ክርስቲያን የሚተከለው በአብዛኛው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ነው። «ደብር» የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ ተራራ ማለት ነው፤ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ደብረ ኤልያስ ብሎ የሚጠራ ሰው ሳያስበው ስለ መሬቱ አቀማመጥ እየተናገረ ነው። ከቆላ የሚመጣ መንገደኛ አስቀድሞ የሚታየው ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ጉብታ ነው፤ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው። ጥቂት ሲጠጋ ከዛፎቹ መካከል ጉልላቱ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ቆም ብሎ ያማትባል። ይህ ሰው የሚሳለመው ከስንት ሜትር ላይ ሆኖ ነው? ገና የአንድ ሰዓት መንገድ ሲቀረው ነው። እንግዲህ 900 ሜትር የሚባለው ለእርሱ ግቢው ውስጥ ነው።

ቁጥር ለሚወድ ደግሞ በቁጥር ላስረዳ። ኮረብታው ከማሳው 120 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ማመንጫው በ900 ሜትር ርቀት ላይ ይጀምርና 400 ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወርዱ 500 ሜትር ነው። 20 ሄክታር መሆኑ ነው። ለአንድ ሜጋ ዋት ሁለት ሄክታር ገደማ ስለሚታሰብ 10 ሜጋ ዋት ያህል ለሚያመነጭ ጣቢያ ይበቃል፤ በገበሬው አቆጣጠር 80 ጥማድ ያህል መሬት ነው። ከሜዳው ላይ ቆማችሁ ብታዩት የፊተኛው የፓነል ረድፍ የኋለኞቹን ይከልላቸዋል፤ የሚታያችሁ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ነው። ከደብሩ ላይ ግን አውድማ ላይ እንደተሰጣ እህል ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ይታያል።

ሪፖርቱ ለዚህም መልስ አዘጋጅቷል፤ «በዛፍ ይጋረዳል»። በየትኛው ሒሳብ? በዚህ ምሳሌ ከደብሩ ወደ ማመንጫው የሚሄደው የዓይን መስመር በየ100 ሜትሩ 13 ሜትር ያህል ይወርዳል። በማመንጫው ጠርዝ ላይ 10 ሜትር የሚረዝም ዛፍ ብትተክሉ ከኋላው የሚሸፍንላችሁ 75 ሜትር መሬት ነው። የቀረው 325 ሜትር እንዳለ ይታያል። ያውም ዛፉ እዚያ ቁመት ላይ ከደረሰ ነው። ደርሶ በፓነሉ ላይ ጥላ መጣል ሲጀምር ደግሞ መጥረቢያ ይዞ የሚመጣው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

የሚመረጠው ዛፍ ሁልጊዜ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋላ። ከጠበሉ በላይ ባሕር ዛፍ መደርደር ምን ጠብ እንደሚያመጣ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ «ምንጬን አደረቀብኝ» ብሎ ጎረቤቱን ሽማግሌ ፊት ያቆመ ገበሬ በየቀበሌው አለ። ደግሞም ያ የዛፍ ግድግዳ ከመንገዱ ወደ ደብሩ የሚያየውን መንገደኛም ይጋርደዋል። ቅርሱን ከማመንጫው ለመጠበቅ ብለን ቅርሱን ራሱን ሸፈንነው ማለት ነው።

ይህ የዛፍ አጥር ነገር ከየት እንደተቀዳ አውቃለሁ። መሬቱ ለጥ ብሎ፣ የማሳው ድንበር ሁሉ በቁጥቋጦ ከታጠረበት ከእንግሊዝ ገጠር የመጣ ነው፤ እዚያ ያስኬዳል። የሚያስቀው ግን የእንግሊዞቹም መመሪያ «ይርቃል» ብሎ ፋይል መዝጋትን የማይደግፍ መሆኑ ነው። ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የተባለው የቅርስ ተቋማቸው እ.ኤ.አ. በ2017 አሻሽሎ ያወጣው መመሪያ የአንድ ቅርስ ዙሪያ ገባ ቋሚ ወሰን እንደሌለው፣ ከዕይታ ሌላ ድምፅ፣ ሽታና ንዝረትም እንደሚቆጠሩ በግልጽ ያስቀምጣል። የእኛ ቀጂዎች ያን ገጽ ዘለሉት።

ከአንድ ወጣት ባለሙያ ጋር በምሥራቅ ጎጃም ወዳለ አንድ ደብር የወጣንበትን ቀን አልረሳውም። ልጁ ትጉህ ነው፤ ርቀቱን በጎግል ኧርዝ ለክቶ፣ በጂፒኤስ አረጋግጦ ነው የመጣው። የቅኔ መምህሩን ከወይራ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸውና ቦታውን በጣቱ አሳያቸው።

«ይርቃል የኔታ፤ 1,100 ሜትር ነው።»

የኔታ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ቁልቁል ተመለከቱ። «ልጄ፣ ከወንዙ ማዶ የሚግጡት ከብቶች ይታዩሃል?»

«ይታዩኛል።»

«ከእነርሱ መካከል በቅሎ አለች?»

ልጁ ጥቂት ፈለገና «አለች፤ አሻቦ ናት» አላቸው።

«የእኔ ናት። እዚህ ተቀምጬ ነው የምጠብቃት» አሉና ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ።

በመኪና ስንመለስ ልጁ ዓረፍተ ነገሯን ከረቂቁ ላይ ሰረዛት። እኔ ምንም አላልሁትም።

ሕንጻውን እንጂ ደብሩን አለማየት

ይህን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ ስለዚህ በለዘብታ ልናገር።

ከዓመታት በፊት አንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን እንድገመግም ተላክሁ። እንደ ተማርሁት አደረግሁ። መቅደሱን፣ ቅድስቱን፣ ቅኔ ማሕሌቱን ለካሁ። የጭቃውን ግድግዳ፣ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች፣ የጉልላቱን የሰጎን እንቁላል አንድ በአንድ መዘገብሁ። ቤተ ልሔሙንና ዕቃ ቤቱን ሳይቀር ፕላን ላይ አስቀመጥኋቸው። ከግቢው ደን ውጭ ያለውን ማሳ ግን በካርታው ላይ በአንድ ቀለም ቀብቼ «ቅርስ የሌለበት» ብዬ ጻፍሁበት። ሪፖርቱ ተመሰገነ።

በጥር ወር በዚያው መንገድ ሳልፍ ሕዝብ መንገዱን ዘግቶ አቆመን። ከተራ ነበር። ታቦቱ በጥላና በመስቀል ታጅቦ ከደብሩ ወርዶ፣ እኔ በቀለም በቀባሁት ማሳ መካከል ለመካከል ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይሄዳል። ገበሬው የታቦት ማለፊያ ብሎ ሳያርስ የተወውን ሰፊ ሰርጥ በበጋው ጉብኝቴ አይቼው ነበር፤ የከብት መንገድ መስሎኝ ነበር እንጂ። ፕሮጀክቱ በሌላ ምክንያት ቀረና ከኀፍረቱ ዳንሁ።

ከዚያ ወዲህ ሜትር ከማውጣቴ በፊት እጠይቃለሁ። ታቦቱ በየት ይወርዳል? ጠበሉ የት ነው? ውኃው ከየት ይመጣል? ከቅጥሩ ውጭ የተቀበረ ሰው አለ? የቆሎ ተማሪዎቹ ጎጆ የት ነው? ቀን ቀን የት ሆነው ነው ቀለም የሚቆጥሩት? የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የኢንቨርተር፣ ማለትም የፓነሉን ኃይል ለመስመሩ ወደሚስማማ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ፣ ማራገቢያው የሚጮኸው ቀን፣ ሙቀቱ ሲበረታ ነው፤ ማታ ዝም ይላል። «የድምፅ ጫናው ሌሊት ዜሮ ነው» የሚል ሪፖርት እውነት ተናግሮ ነገሩን ስቶታል፤ ተማሪው በጽሞና የሚያጠናው ቀን ከሆነ ማለቴ ነው።

የምትጠይቁትንም ሰው ምረጡ። የደብሩ አስተዳዳሪ ከሌላ ቦታ ተሹመው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ቄስ ገበዙን፣ ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች፣ በግቢው ጥግ የሚኖሩትን እማሆይ ጠይቁ። እማሆይ የማያውቁት የመቃብር ቦታ የለም።

ነጸብራቅን በሰው አገር ፀሐይ ማስላት

ባለሀብቱ «ፓነል ብርሃን ይውጣል እንጂ አይመልስም» ይላል፤ ነዋሪው «ዓይናችን ሊጠፋ ነው» ይላል። ሁለቱም እኩል ርቀት ከእውነቱ ርቀዋል።

የፓነል መስተዋት ነጸብራቅ የሚቀንስ ሽፋን አለው። ፀሐይ ከአናት ስትሆን የሚመልሰው ብርሃን ጥቂት ነው። ፀሐይ ዝቅ ብላ ጨረሯ መስተዋቱን እንደ መላስ ብሎ ሲያልፍ ግን የሚመለሰው በፍጥነት እያደገ ይሄዳል። ስለዚህ ጉዳዩ የማለዳና የአመሻሽ ጉዳይ ነው። ጠዋት የሚያንጸባርቀው ከማመንጫው በስተምዕራብ ላለ ሰው ነው፤ ማታ ደግሞ በስተምሥራቅ ላለ። የሚቆየውም ተመልካቹ ባለበት ከፍታ ይወሰናል።

ወደ ቅድሙ ምሳሌ እንመለስና ማመንጫው ከደብሩ በስተምሥራቅ ነው እንበል። ከደብሩ ወደ ፓነሎቹ የሚወርደው ዕይታ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ያዘነብላል። ፓነሎቹ እምብዛም ካላዘነበሉ ብርሃኑ ወደ ደብሩ የሚመለሰው ፀሐይም ከአድማስ በዚያው ልክ፣ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ከፍ ስትል ነው። በእኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ አንድ ዲግሪ ለመውጣት አራት ደቂቃ ገደማ ይበቃታል። እንግዲህ ከወጣች ከ20ኛው ደቂቃ እስከ 30ኛው መሆኑ ነው። አሥር ደቂቃ፤ ያውም ፀሐይ በማመንጫው አቅጣጫ በምትወጣባቸው ወራት ብቻ።

አሥር ደቂቃ ምን አላት ትሉ ይሆናል። እኔም የምጠይቀው «የትኛዋ አሥር ደቂቃ?» ብዬ ነው። ማለዳ ኪዳን የሚደርስባት፣ ምእመኑ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የሚቆምባት ሰዓት ናት። ግቢው በደን ከተከበበ ምንም ላይደርስ ይችላል፤ ደኑ በምሥራቅ በኩል ከሳሳ ግን ይደርሳል። ይህን የሚወስነው ሶፍትዌር አይደለም፤ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ እዚያ የቆመ ሰው ነው። ገምጋሚው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሆቴሉ ቁርስ በልቶ 4 ሰዓት ላይ ነው የሚደርሰው።

ሌላው ደግሞ «ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ» ብሎ የሚጀምር ስሌት ነው። ለለንደን ትክክል ነው። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ከፍ ብላ ብቻ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽም ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ትወጣለች። ፀሐይ እየተከተለ የሚዞር ፓነል ከሆነ ደግሞ ከላይ ያልሁት ሒሳብ አይሠራም፤ የፓነሉን እንቅስቃሴ በየሰዓቱ ማስላት ግድ ነው።

«የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮስ አያንጸባርቅም?» የሚለኝ አይጠፋም። ያንጸባርቃል። አዲስ ቆርቆሮ ከሆነ ከማመንጫው ብሶ ያንጸባርቃል። ሣር ክዳኑ ከተቀየረ ወዲህ ሸለቆው ብልጭታ እንደለመደ በሪፖርቴ ላይ እጽፋለሁ፤ ለማንም ወገን የማይመች እውነት ስለሆነ መዝለል አልወድም።

በነሐሴ ፎቶ አንሥቶ «አይታይም» ማለት

መራዊም ሆነ ቡሬ፣ በነሐሴ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ነው። በበቆሎ መካከል ቆማችሁ ያነሣችሁት ፎቶ እንኳን ሶላር ጮቄ ተራራንም አያሳይም። ተመልሳችሁ በጥር ሂዱ፤ ማሳው ታጭዶ ገለባው ብቻ ሲቀር።

በስልክ ካሜራ አታንሡ። ሰፊ ሌንስ ሩቁን ነገር ያሳንሳል፤ ደብሩ የአተር ፍሬ፣ ማመንጫው ክር ይመስላል። ለዓይን የሚቀርበው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው፤ ያውም በሙሉ መጠን (ፉል ፍሬም) ካሜራ። ቁመቱም የሰው ዓይን ቁመት፣ 1.6 ሜትር አካባቢ ይሁን። ድሮኑን እቤት ተዉት ባልልም፣ ከሰማይ የተነሣውን ሥዕል «የደብሩ ዕይታ» ብላችሁ አትጻፉበት። ከዚያ ላይ የሚያይ ቄስ የለም።

ፓነሉን ገምግሞ ምሰሶውን መርሳት

ፓነሉ ሁለት ሦስት ሜትር ነው። ኃይሉን ወደ መስመር የሚያደርሱት ምሰሶዎች ከዚያ ብዙ እጥፍ ይረዝማሉ፤ እነርሱም የሚተከሉት አጭሩን መንገድ ተከትለው ነው። አጭሩ መንገድ በደብሩ ሥር የሚያልፍበትን ጊዜ አይቻለሁ፤ በሪፖርቱ ላይ ግን «የማስተላለፊያ መስመሩ በሌላ ጥናት ይታያል» ተብሎ ታልፏል። ሌላው ጥናት ስለ ቅርስ አንድ መስመር የለውም።

አጥሩንም፣ የሌሊት መብራቱንም፣ መግቢያ መንገዱንም ቁጠሩ። ድንጋይና ብረት የጫነ መኪና የሚያልፍበት የገጠር መንገድ ላይ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አለ ወይ? በዓባይ ላይ ያሉትን የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድልድዮች፣ አላታንና ከሞጣ ወዲያ ያለውን ሰባራ ድልድይ፣ ስማቸው ስለገነነ ማንም አይረሳቸውም። የሚፈርሱት ስም የሌላቸው ትንንሾቹ ናቸው።

የፓነል ቋሚዎች በመዶሻ ማሽን ወደ መሬት ሲመቱ መሬቱ ይርገበገባል። ቅርብ ከሆነ፣ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ጠርዙ መላቀቅ የጀመረ መሆን አለመሆኑን ሥራው ሳይጀመር በፎቶ መዝግቡ። ከተጀመረ በኋላ «ድሮም ተላቅቆ ነበር» እና «አልነበረም» የሚል ክርክር መጨረሻ የለውም። ዋልካ መሬት ላይ ለገመድ የሚቆፈረው ቦይም በክረምት ጎርፉን ወዴት እንደሚመራ ተመልከቱ፤ ጠበሉ ከታች ካለ በተለይ።

«በመዝገብ ላይ የለም»

የቅርስ መዝገቡ የሰው ሥራ ነው፤ ሰው ያልደረሰበት ቅርስ አይመዘገብም። መርጡለ ማርያም የእቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ የታወቀ ስለሆነ ማንም ይጠቅሰዋል። በየሜዳው ያለ የድንጋይ ክምር ግን ለገምጋሚው ክምር ብቻ ነው። ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው መንገድ በ1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተደረገው ውጊያ ምሽግና ጉድጓድ ጥሎ አልፏል፤ ሽማግሌዎቹ ቦታውን በእጃቸው ያሳዩዋችኋል። የሙስሊሙን የመቃብር ቦታ ረስቶ የቤተ ክርስቲያኑን ብቻ የጻፈ ሪፖርትም ደርሶኛል፤ መለስሁት።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ላይ በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅ ያዛል። ይህ ግዴታ በመዝገብ ያለውን ብቻ ብሎ አልለየም። አዋጁን በመግቢያው ገጽ ላይ ለጌጥ ጠቅሶ በሥራ ዕቅዱ ውስጥ የቁፋሮ ተቆጣጣሪ የማይመድብ ሰው አዋጁን አላነበበውም።

«ጊዜያዊ ነው»

የማመንጫው ዕድሜ 25 ዓመት ነው። ዛሬ መቋሚያ የሚያቀብለው የአሥር ዓመት ዲያቆን በ35 ዓመቱ ቄስ ሆኖ ይነሣላችኋል።

ቀለም የተቀባ ሠንጠረዥ

የቅርሱን ዋጋና የሚደርስበትን ለውጥ አጋጥሞ የጉዳቱን ደረጃ በቀለም የሚያሳይ ሠንጠረዥ በሪፖርቶቹ ላይ ይቀመጣል፦ ከፍተኛ ዋጋ፣ አነስተኛ ለውጥ፣ ድምር «መካከለኛ»፤ ቢጫ ቀለም። ሠንጠረዡን አልጠላውም፤ የሚቀድመውን ምክንያት አምጡልኝ ነው የምለው። «አነስተኛ» ያላችሁት ከየት ቆማችሁ፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት አይታችሁት ነው? ይህን በሦስት መስመር መጻፍ ያልቻለ ሰው ቀለም ቢቀባም ባይቀባም ያው ነው።

ሁሉንም «ከባድ ጉዳት» ማለት

ከላይ ያለውን ያነበበ ጀማሪ አሁን ወደዚህ ይሮጣል፤ አውቃችኋለሁ። ቅርስ ወዳድ መሆናችሁን ለማሳየት የሚታየውን ሁሉ «ከባድና የማይመለስ» ብትሉት ከሁለት ሪፖርት በኋላ ማንም አይሰማችሁም። ያ ማመንጫ የወፍጮ፣ የጤና ጣቢያ፣ የትምህርት ቤት መብራት ነው። በሻማና በጧፍ የሚያጠኑት የቆሎ ተማሪዎችም መብራት አይጠሉም። የቅኔ መምህሩ፣ ባለ በቅሎው፣ በኋላ ሲያነጋግሩን የጠየቁት ማመንጫው እንዲቀር አልነበረም። ከታቦቱ መንገድ እንዲወጣና ወደ ኮረብታው ጀርባ እንዲዞር ነበር። ካርታውን ዘርግተን ስናየው 300 ሜትር ማዛወር ነበር የሚጠይቀው፤ መሬቱም ከፊተኛው የባሰ አልነበረም። «ጉዳት አለ ወይስ የለም?» እያልን ስንጨቃጨቅ «የት ቢሆን ይሻላል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔንም ጨምሮ።

አንድ የማደርገውን ልንገራችሁና ላብቃ። ከኮምፒውተር ሥዕል በፊት ከእንጅባራ አካባቢ የሚመጣውን ቀርከሃ እገዛለሁ። አራቱን በፓነሉ ቁመት፣ አንዱን ረጅሙን ደግሞ ለምሰሶው። አናታቸው ላይ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አስሬ በታቀደው ቦታ አራት ማዕዘን ላይ አስተክላቸዋለሁ። ከዚያ ደብሩ ላይ እወጣና ከዐውደ ምሕረቱ፣ ከደጀ ሰላሙ፣ ከተማሪዎቹ ጎጆ ሆኜ እቆጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ከረጢት። ካህናቱም አብረውኝ ይቆጥራሉ። ማንም ከማንም ጋር አይከራከርም፤ ነጭ ከረጢት ወይ ይታያል ወይ አይታይም።

ፎቶውን ግን በዚያው ቀን አንሡ። መጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው «ነገ ማለዳ ብርሃኑ ጥሩ ነው» ብዬ አደርሁ። ማለዳ ስወጣ ቀርከሃውም ከረጢቱም የለም። ከታች አንድ እረኛ ከረጢቱን ከዝናብ እንዲያስጠልለው እንደ ገሳ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ፣ ቀርከሃውን በትር አድርጎ ላሞቹን ይነዳል። ከደብሩ ላይ ሆኜ በደንብ ይታየኝ ነበር።